ከጎረቤቴ ቤዝመንት የሚነሳው የተራራ ባቡር

መጀመሪያ ፊሽካውን የሰማሁት የጎረቤቴ በር ላይ ቆሜ ነው። ድምፁ ከእግሬ ስር ነው የመጣው። አልደነገጥኩም። የምንኖረው ሲያትል፣ ቢከን ሂል ነው፣ ላይት ሬይሉ በሰፈራችን ሆድ ውስጥ በዋሻ ነው የሚያልፈው፣ እሱ ነው አልኩ። ሁለተኛ ሲነፋ ግን ጆሮዬ ቆመ። ላይት ሬይል እንደዚህ አይነፋም። ላይት ሬይል ጨዋ ነው፣ ደወል ነው የሚደውለው። ይሄኛው ልጅ ሆኜ የማውቀው ነው፤ "ሩጪ፣ መጣልሽ" የሚለው ዓይነት።

በእጄ ምስር ወጥና ሩዝ ይዣለሁ። የላከችኝ ልጄ ናት። ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ጃፓናዊ፣ ፕለም ሊለቅም መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀና ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ጀሶ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላቸውም። ልጄ ደግሞ አንጀቷ አይችልም፤ ጠዋት ኤርፖርት ወደ ሥራዋ ስትወጣ "እማዬ፣ ምሳውን አድርሺለትና ተመለሺ፤ እንዳትቆዪ" አለችኝ። እንዳትቆዪ ያለችኝ ስለምታውቀኝ ነው።

ሰውዬው በሩን ከፈተ፣ ሳህኑን በግራ እጁ ተቀበለኝ፣ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። እሱ ትንሽ ጨመረ። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም፣ ጨመርኩ። ኋላ ወገባችን እንዲሁ ታጥፎ እንዳይቀር ብዬ እኔው ተውኩት።

"ባቡሩ የት ነው ያለው?" አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የኔ እንግሊዝኛ ስብርባሪ ነው። የሱም፣ ያን ያህል ዘመን አሜሪካ ኖሮ፣ አውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጥቶ፣ ስብርባሪ ነው። ግን የሱ ስባሪና የኔ ስባሪ ሲገጥም አንድ ደህና ሸክላ ይወጣዋል። የኛ ልጆች ከሚያወሩት ፈጣን እንግሊዝኛ የሱን ነው የምሰማው። እኔን "እማማ" ይለኛል፣ ከልጅ ልጆቼ ሰምቶ። በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ሰውዬ እኮ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ በሆዴ አንቱ ነበር የምለው፤ ሲያበሽቀኝ ሲያበሽቀኝ አንተ ላይ ወረደ፣ እዚያው ቀረ።

"ባቡር ትወጃለሽ?" አለኝ።

"ባቡር ነው ያሳደገኝ" አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጫማሽን አውልቂ አለኝና የቤዝመንቱን በር ከፈተው።

ደረጃውን ወርጄ ያየሁትን በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ስነግር አላመኑኝም። ቤዝመንቱ ሙሉውን ጠረጴዛ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ አገር አለ። ተራራ አለ፣ ጥድ አለ፣ የሩዝ ማሳ አለ፣ በወዲያ በኩል ሰማያዊ ባሕር አለ። መሐሉ ላይ ጣቢያ። ጣቢያው ከኔ ክንድ አይረዝምም፤ ጣራው እንጨት ተሰንጥቆ አንድ በአንድ የተለጠፈበት ነው። መሳፈሪያው ላይ ጥፍር የሚያህሉ ሰዎች ቆመዋል። ኮፍያ ያደረገ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች፣ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ያኮረፈ አለ። ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው የሚሻገሩበት የእንጨት ድልድይ ከላይ ተዘርግቷል።

ጣቢያው መገንጠያ ነው። ከትልቁ ከተማ የሚመጣው ሐዲድ እዚያ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ተራራ ይወጣል። ጠዋት ላይ አራት ፉርጎ ተያይዞ ይመጣና እዚያ ለሁለት ይቆረጣል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ወደ ባሕር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ወደ ተራራ። ቀን ቀን ደግሞ በየሐዲዱ አንድ አንድ ፉርጎ ብቻውን ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል፤ ከባሕሩ የመጣ ሰው በድልድዩ ተሻግሮ የተራራውን ይይዛል።

"ሰው ጠዋት ተሳስቶ የፊተኛው ላይ ቢሳፈርስ?" አልኩት።

"ባሕር ያያል" አለኝ።

ሰውዬውን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ጣቢያው አገሩ ያለ ነው፣ የፈጠራ አይደለም። አባቱ እዚያ ነበር የሚሠራው፤ ባንዲራ ይዞ ባቡር የሚልክ ሰው። ሰውዬው ልጅ የነበረበትን አንድ ዓመት መርጦ፣ ጣቢያው በዚያ ዓመት እንደነበረው አድርጎ ሠርቶታል። ከዚያ በፊት የነበረ ነገር አይገባም፣ ከዚያ በኋላ የመጣም አይገባም። ግድግዳው ላይ የዚያን ዓመት የባቡር ሰዓት የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት ለጥፏል፤ ደቂቃው ብቻ ሳይሆን ሰኮንዱም አለበት።

ችግሩ፣ ይሄ ጣቢያ በአንድ እጅ አይሠራም። በባሕሩ በኩል ፉርጎውን የሚያስነሳ አንድ ማዞሪያ አለ፣ በተራራው በኩል አንድ ማዞሪያ አለ፣ በመሐል ደግሞ ሐዲዱን የሚቀይሩ ቁልፎች አሉ። የተራራውን ትይዝ የነበረችው ሚስቱ ናት። እሷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ከወዲህ ወዲያ እየሮጠ ነበር የሚያንቀሳቅሰው፤ አሁን ጀሶ መጣ። እና እህቱ ልትመጣ ነው።

እህቱን ሲያነሳ ድምፁ ይቀንሳል። በዘጠኝ ዓመት ይበልጡታል። እሱ በጎረምሳነቱ ወደ አሜሪካ ሲሻገር እሳቸው ቀርተው አባትና እናት ጦረው፣ ቀብረዋል። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ "ጣቢያችንን እየሠራሁት ነው" ቢላቸው፣ "አንተ ስለዚያ ጣቢያ ምን ታውቃለህ?" አሉት። በቃ፣ ይቺን ብቻ። እሱ ይቺን ቃል ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው ያንን ሁሉ የጣራ እንጨት የሰነጠቀው። እህትየው ሲያትል መጥተው አያውቁም። በዚያ ዕድሜያቸው ደግሞ ሁለተኛ አይመጡም። በአራት ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ፣ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ወይ "አዎ፣ ይሄ ነው" ይላሉ፣ ወይ አይሉም።

"እማማ፣ የተራራውን ትይዢልኛለሽ?" አለኝ።

ወረቀቱን አየሁት። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አልኩት። "ያንን የሚያነብልህ ሌላ ሰው ፈልግ።"

"ማንበብ አያስፈልግም። መጠቆምና መጥራት ነው።"

አገራቸው የባቡር ሠራተኛ በአፉ ነው የሚሠራው። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ዝም ብሎ አይቶ አያልፍም፤ ነጭ ጓንት ባደረገ እጁ ይጠቁምና ጮክ ብሎ "መብራት፣ አረንጓዴ" ይላል። በሩን ይጠቁማል፤ "በር፣ ተዘግቷል።" ሰዓቱን ይጠቁማል፤ "ሰዓት፣ ደርሷል።" ብቻውን ቢሆንም ይለዋል፣ ሌላ ነፍስ ባይሰማውም ይለዋል። ዓይን ብቻዋን ትስታለች፣ እጅም ብቻዋን ትስታለች፤ ዓይንና እጅና አፍ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይስቱም ነው ነገሩ። ይሄ ለኔ የተሰፋ ልብስ ነው። እኔ በአፌ ያላልኩትን ነገር መቼ አስታውሼ አውቃለሁ? የተማረ ሰው ወረቀት ላይ አስቀምጦ ይረሳል፤ እኔ የማስቀምጥበት ስለሌለኝ ሁሉን ተሸክሜ ነው የምዞረው። የተራራውን ባቡር ሰዓት ሁሉ በአንድ ሳምንት በቃሌ ያዝኩት፣ እንደ ዳዊት።

የሚስቱን ነጭ ጓንት አመጣልኝ። ሰጠኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጓንቱ ጠበበኝ፣ አውራ ጣቴ አልገባም አለ።

"ሚስትህ የወፍ እጅ ነው የነበራት" አልኩት።

"አዎ" አለ። "ያንቺ ደግሞ የድብ።" ሳቀና ወደኔ ዞረ፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ጓንቱን አውራ ጣቴን ውጭ ትቼ አደረግሁት።

ይሄ መጠቆም ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከኩሽና ስወጣ እጄን ዘርግቼ "ስቶቭ፣ ጠፍቷል፤ ውኃ፣ ተዘግቷል" እላለሁ። አንድ ቀን ልጄ ኮሪደር ላይ ቆማ አየችኝ።

"እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከስቶቩ ጋር።"

በማግስቱ ዶክተር ጋ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ዶክተሩ ያዘዘኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ስወጣ በሩን ጠቁሜ "በር፣ ተዘግቷል" አልኩ፤ ዶክተሩ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ በፊት ግን በቀን ሦስት ጊዜ ከሥራ ኮል እያደረገች "ስቶቩን ዘግተሻል?" ትለኝ ነበር፤ ያ ቀረ። ከወር በኋላ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ በቀስታ "ቁልፍ፣ ስልክ፣ ባጅ" እያለች ስትጠቁም ያዝኳት።

"እየሰማሁሽ ነው" አልኳት።

"ዝም በይ፣ እማዬ" አለችኝ። ይሄን የምትጽፍልኝም እሷው ናት፤ ይቺን ይውጣ ብላኝ እምቢ አልኩ።

ወሬ ደግሞ መቼ ይቀራል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከኬንት የምትመጣ አንዲት ጓደኛዬ ጠጋ አለችና "ሰማን፣ ሰማን" አለችኝ። "ከጃፓኑ ጋር ቤዝመንት ውስጥ ምን ስትሠሩ ነው የምትውሉት?"

"እሱ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ እኔ ወደ ተራራ እወጣለሁ" አልኳት። እውነቴን ነው። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሄደች፤ እስከ ሬንተን ድረስ ተወራ። ላስተባብል አልሞከርኩም። በዚህ ዕድሜዬ ስሜ መነሳቱም አንድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጠባችን ልምጣ።

ባቡር ነው ያሳደገኝ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ነው ያደግሁት። ባቡር ሲመጣ እናቴ የተቀቀለ እንቁላል ይዛ በመስኮት በመስኮት ትሮጣለች፣ እኔ ጨው በቁራጭ ወረቀት ጠቅልዬ ከኋላ እከተላለሁ። ያ ባቡር ሰው ጥሎ አይሄድም ነበር። ልጇን ለማምጣት ወደ ቤት የሮጠች ሴት ካለች፣ ፉርጎው ሙሉ ሰው አንገቱን አውጥቶ "ጠብቃት፣ እየመጣች ነው" ይላል፤ ነጂውም ይጠብቃታል። ነጂው ባይጠብቅ ያ ሁሉ ሰው ድሬዳዋ እስኪደርስ ሲሰድበው ነው የሚሄደው። እንግዲህ እኔ ባቡር ሲባል የማውቀው ይሄንን ነው።

መጀመሪያ የሰውዬው ጣቢያ ላይ ሻጭ አለመኖሩ አናደደኝ። ሻጭ የሌለው ጣቢያ ምን ጣቢያ ነው? ከክብሪት እንጨትና ከነጠላ ጥለት አንዲት ሴትዮ ሠራሁ፣ እንቁላሏን ከሰሊጥ ፍሬ። ሳልነግረው መሳፈሪያው ላይ አቆምኳት። በማግስቱ ስመጣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ አገኘኋት። መልሼ አመጣኋት። በነጋታው ተራራ ላይ ወጥታለች። ስለሷ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስኪኗ ስትሰደድ ከረመች።

ትልቁ ጠብ ግን በልምምድ ላይ ነው የመጣው። ከሰዓት በኋላ አንድ ፉርጎ ከባሕር ይመጣል፣ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የኔ ፉርጎ ወደ ተራራ ይወጣል። አንድ ቀን የባሕሩ ዘገየ። እኔ መብራቴን ጠቆምኩ፣ በሬን ጠቆምኩ፣ ሰዓቴን ጠቆምኩ፣ ማዞሪያውን ግን አልነካሁም።

"እማማ፣ ሂጂ" አለኝ።

"ከባሕሩ መጥተው ወደ ተራራ የሚሄዱ ሰዎች አሉ አይደል?"

"አሉ።"

"ታዲያ ጥያቸው ልሂድ?"

"ሰዓቱ ደርሷል።"

"ሰዓቱ ደርሷል፣ ሰዎቹ አልደረሱም።"

"እማማ፣ ሰዎቹ ፕላስቲክ ናቸው።"

"ፕላስቲክ ከሆኑ አንተስ ምን ያስቸኩልሃል?"

ቁጭ አለና ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ፤ የአባቱ ሰዓት ነው፣ በክር የተንጠለጠለ። አባቱ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ባቡር አንድ ሰኮንድ አዘግይቶ አያውቅም አለኝ። ቤት ውስጥ እራት እንኳ በዚያ ሰዓት ነበር። ሰው "እሱን አይታችሁ ሰዓታችሁን አስተካክሉ" ይል ነበር አለ። "እህቴ የምታውቀው አባቴን ነው። ባቡሩ ከዘገየ፣ ያ የአባቴ ጣቢያ አይደለም። ይሄንን ነው የምታየው፣ ሌላውን ጣራውንም ድልድዩንም አታይም።"

እንደዚያ ሲል አሳዘነኝ። "ኦኬ፣ እሄዳለሁ" አልኩት። ቃል ገባሁ። ከልቤ ነው የገባሁት።

እህትየው መጡ። ሰውነታቸው ትንሽ ነው፣ ጀርባቸው ግን እንደ መርፌ ቀጥ ያለ፤ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ቦርሳቸውን ከእጃቸው አይለቁም። ልጄ ሰላም ልትል ሄዳ ወጥታ "እማዬ፣ ሴትዮዋ ፈተና የሚያርሙ ነው የሚመስሉት" አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ገበያውን አዩ፣ ጀልባ ተሳፈሩ፣ የሚስቱን መቃብር ጠረጉ፤ ስለ ቤዝመንቱ አንድም ቃል አልጠየቁትም። እሱ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ኪሎ ቀነሰ መሰለኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ራሳቸው "በል እንይ" አሉት፤ እሱም በአጥር በኩል መጥቶ ጠራኝ።

ከታች ወንበር አስቀምጦላቸዋል። ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እኔ ጓንቴን አጠለቅሁና ጎንበስ አልኩላቸው። እሳቸውም ጎንበስ አሉ፤ ከሳቸው ጋር ግን አልተወዳደርኩም።

የጠዋቱ ባቡር አራት ፉርጎ ሆኖ ገባ። እሱ በግራ እጁ አቆመው፣ እኔ ቆረጥኩት፤ የሱ ሁለቱ ወደ ባሕር፣ የኔ ሁለቱ ወደ ተራራ፣ ልክ በሰኮንዱ። "መብራት፣ አረንጓዴ። በር፣ ተዘግቷል" እላለሁ በአማርኛ፣ እሱ በጃፓንኛ ይመልሳል። እህትየው ዝም። የረፋዱ ወጣ፣ የረፋዱ ወረደ። ዝም። እሱ በጎን ዓይኑ እሳቸውን ያያል፣ እኔ በጎን ዓይኔ እሱን አያለሁ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። የተዘጋ ሱቅ በሉት።

ከዚያ የከሰዓቱ ደረሰ። የባሕሩ ፉርጎ ተነሳ፣ ዳርቻ ዳርቻውን መጣ፣ ዋሻው ውስጥ ገባ። አልወጣም።

እሱ ማዞሪያውን አዞረ። ምንም። ጨመረ። ምንም። ሐዲዱ ላይ አቧራ ይሆናል፣ እንጃ፣ ፉርጎው ዋሻ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። ሰዓቱን አየ፣ ወደኔ ዞረ።

"እማማ፣ ያንቺ ሰዓት ነው። ሂጂ።"

እጄን ዘረጋሁ። "መብራት፣ አረንጓዴ" አልኩ። "በር፣ ተዘግቷል። ሰዓት፣ ደርሷል።" ሁሉም ልክ ነው። ማዞሪያውን ያዝኩት። ከዚያ ጣቴ ራሱን ችሎ ወደ ዋሻው ዞረ። "የባሕሩ ሰዎች" አልኩ። "አልመጡም።"

"እማማ።"

"አልመጡም እኮ።"

"ቃል ገብተሻል።"

"ገብቻለሁ። ዋሻ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ግን ቃሌን አልሰሙም።"

ፊቱ እንደ በርበሬ ሆነ። በደህናው እጁ ማዞሪያዬን ሊይዝ በላዬ ላይ ተዘረጋ፤ እኔም እጁን ቸብ አደረግሁት። እንግዳው ፊት። እሱ ደንግጦ ቆመ፣ እኔም ያደረግሁት ሲገባኝ አፈርኩ። አበቃለት፣ አበላሸሁበት አልኩ በሆዴ። የአሥር ዓመት ልፋቱን በአንድ እብሪቴ።

እህትየው ያን ጊዜ ተናገሩ። አንድ አጭር ነገር ነው፣ በቀስታ። እሱ እንደተመታ ሰው ዞሮ አያቸው።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"ጠብቁ አለች" አለ። "ሴትየዋ ልክ ናት፣ የተራራው ባቡር ይጠብቃል አለች።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"ዝም በይ እማማ፤ እያወራች ነው።"

ብዙ አወሩ። እሱ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ነገረኝ፣ አንዳንዱን ለኔ መንገሩን ረስቶ ለራሱ እየደገመ። ቤታቸው ያለው በተራራው ሐዲድ ላይ፣ ከጣቢያው አራት ማቆሚያ አልፎ ነው። እሳቸው አሥራ ስድስት ዓመታቸው ላይ ባሕሩ አጠገብ ስፌት ይማሩ ነበር። አንድ የክረምት ቀን በረዶ ጥሎ የባሕሩ ባቡር ዘገየ። የተራራው የቀኑ የመጨረሻው ነው፤ ካመለጣቸው በረዶ ላይ መቅረታቸው ነው። አባታቸው መሳፈሪያው ላይ ባንዲራውን ይዘው ቆመዋል። ሰዓቱ ደረሰ። አልላኩትም። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አልላኩትም። ፉርጎ ውስጥ ያለው ሰው ሰዓቱን እያየ፣ የጣቢያው አለቃ በመስኮት እየጮኸ፣ አባት ድንጋይ ሆነው ቆሙ። አሥራ አንድ ደቂቃ። የባሕሩ ባቡር ገባ፣ ልጅቷ ድልድዩን በሩጫ ተሻግራ ተሳፈረች። አባት ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም። መብራቱን ጠቆሙ፣ በሩን ጠቆሙ፣ ላኩት።

ለዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ አለቆቹ የይቅርታ ደብዳቤ አስጻፏቸው፣ ባንዲራውንም ነጥቀው አንድ ወር መጥረጊያ ሰጧቸው። አንድ ወር ሙሉ መሳፈሪያ ጠረጉ። ቤት ውስጥ ግን አባት ለልጅቷ እንዲህ አሏት፤ "ለታናሽሽ እንዳትነግሪው። እሱ እኔን ሰዓት ነው ብሎ ነው የሚያምነኝ።"

እህትየውም አልነገሩትም። ያን ሁሉ ዘመን።

"አንተ ስለዚያ ጣቢያ ምን ታውቃለህ ያልኩህ ለዚህ ነው" አሉት። "ንቄህ አይደለም። ልነግርህ ፈልጌ፣ ቃሌን አፍርሼ እንዳልነግርህ ነው ስልኩን የዘጋሁት።"

ሰውዬው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አባቱን መጥረጊያ ይዞ እያየው ነው መሰለኝ፣ ዓይኑ ሩቅ ሄደ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ጠጋ ስል እየሳቀ ነው። "መጥረጊያ" ይላል። "አስታውሳለሁ። ምሳ ላደርስለት ሄጄ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ለምንድነው ስለው፣ አቧራም በሰዓቱ መነሳት አለበት አለኝ።" ለእህቱም ነገራቸው። ያ የተዘጋ ሱቅ ተከፈተ። እንደ ልጃገረድ ነው የሳቁት፣ ቦርሳቸው ከጭናቸው ወደቀ።

እሱ ከዚያ ጠረጴዛው ስር በሆዱ ገብቶ በረጅም እንጨት ፉርጎውን ከዋሻው ገፍቶ አወጣው። ፉርጎው ጣቢያ ገባ። ሰዎቹ በድልድዩ የሚሻገሩበትን ያህል ጠበቅሁ፤ አንዷ ልጅ ስላዘለች ለሷ ትንሽ ጨመርኩ። ጠቆምኩ፣ ጠራሁ፣ ላክሁ። የተራራው ባቡር ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይቶ ወጣ፣ ሦስታችንም ጥዱ ውስጥ እስኪገባ ቆመን አየነው።

እህትየው ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ጠረጴዛውን ዞሩት። የጣቢያውን ጣራ በአንድ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ድልድዩን ከወዲህ እስከ ወዲያ በዓይናቸው ተሻገሩት። አንድ ነገር አሉት፣ እሱ ጎንበስ አለ፣ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት። ምን እንዳሉት አልጠየቅሁም። ሁሉን የምጠይቅ ሴትዮ ብሆንም አንዳንዴ አውቃለሁ።

ቀጥሎ የባሕሩ ማዞሪያ ጋ ሄደው ወንድማቸውን በክርናቸው ገፋ አደረጉት። እሱ አንድ እጅ ስለሆነ ምን ይከራከራል፣ ፊሽካውን አንስቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ካንድ ሰዓት በፊት ሲያስፈሩን የነበሩት ሴትዮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማዞሪያውን ለመዱት። ከዚያ ሆን ብለው የባሕሩን ፉርጎ ዋሻው አፍ ላይ አቆሙና እኔን አዩኝ። እጠብቅ እንደሆነ ሊያዩ ነው። ጠበቅሁ። እጄን አጣምሬ። እሳቸው ደግሞ አያነሱትም።

"አራት ደቂቃ" አለ እሱ ከደረጃው ላይ። ሁለታችንም ንቅንቅ አላልንም። "ስድስት ደቂቃ።" አላስቻለውም፣ ተነሳ። "ሰባት ደቂቃ ሆነ እኮ።"

እህቱ ቀና ሳይሉ አንድ ነገር ጣል አደረጉለት።

"አሁንስ ምን አሉህ?" አልኩት።

"አንተ ተሳፋሪ ነህ፣ ዝም ብለህ ትኬትህን ቁረጥ አለችኝ" አለና ተመልሶ ተቀመጠ።